የመጀመሪያው የእግር ኳስ ሻምፒዮናችንና ትምህርቱ



ወደ ጉለሌ ወጣ ብላችሁ በጴጥሮስ ወጳውሎስ አካባቢ የተዘዋወራችሁ እንደ ሆነ፣ በአዲስ አበባ ኖረው በአዲስ አበባ የሞቱ የውጭ አገር ተወላጆች ያረፉበትን መካነ መቃብር ታውቁታላችሁ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የወደቁት የብሪታንያ መንግሥት ወታደሮች መቃብርም በዚያው በጉለሌ ነው። በሕይወት ሳሉ በቋንቋ፣ በሃይማኖትና በጦርነት ተለያይተው የነበሩ ሰዎች በአንድ ሰፈር አፈር ውስጥ ጎረቤት ሆነው ይገኛሉ።

ስለ እግር ኳስ ልንናገር ተነሥተን ከመቃብር መጀመራችን ለምንድር ነው ትሉ ይሆናል። ምክንያቱ ይህ ነው። እነዚህ ማኅበረ ሰቦች ከሞት በፊት በአንድ ሌላ ሥፍራ፣ ይኸውም በኳስ ሜዳ፣ ከእኛ ከኢትዮጵያውያን ጋር በአንድ ሕግ ሥር ተሰብስበው ነበር። ይህም የሆነው እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1944፣ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሻምፒዮና በተደረገበት ወራት ነው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው የሻምፒዮና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ለዚያ ውድድር የቀረቡት ቡድኖች አምስት ነበሩ። የኢትዮጵያውያን ቡድን ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ የኢጣልያኖች ፎርቲቱዶ፣ የአርመኖች አራራት፣ የግሪኮች ኦሎምፒያኮስ፣ አምስተኛውም የብሪታንያ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን ነበረ። እንግዲህ የእነዚህን አምስት ስሞች ትርጉም ለማስተዋል ከዚያ በፊት የነበሩትን ጥቂት ዓመታት መለስ ብሎ መመልከት ያስፈልጋል።

ቅዱስ ጊዮርጊስ በአየለ አትናሽና በጆርጅ ዱካስ አሳቢነት በአራዳ የተመሠረተው በታኅሣሥ ወር 1928 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ ጠላት ድንበራችንን ጥሶ ገብቶ ጦርነቱ ከተጀመረ ሁለት ወር አልፎት ነበር። ከአምስት ወር በኋላም፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ የጠላት ጦር አዲስ አበባ ገባ። የፋሽስት መንግሥት የአገሩን ተወላጅና ኢጣልያዊውን በመኖሪያ ሰፈር፣ በገበያና በመዝናኛ ሥፍራ ለየ። ወጣቱም ቡድን የመረጠውን ስም ተነጥቆ «ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር» ተብሎ እንዲጠራ ተደረገ። ሰው በአገሩ፣ በገዛ ሰፈሩ፣ ባቋቋመው ቡድን ላይ የስም ባለቤት መሆን ሲከለከል ምን ያህል እንደሚያንገበግብ ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልግም።

ልክ በአምስተኛው ዓመት፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም.፣ ግርማዊ ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አዲስ አበባ ሲገቡ፣ ሕዝቡ ክፉውን በክፉ እንዳይመልስ አዘዙ። ትእዛዝ መስጠት አንድ ነገር ነው፤ ትእዛዙ በየዕለቱ ኑሮ ሲፈጸም ማየት ግን ሌላ ነው። በ1944 ፎርቲቱዶና ቅዱስ ጊዮርጊስ በአንድ ውድድር ተመዝግበው ሲቀርቡ ከነጻነት ቀን ወዲህ ያለፈው ጊዜ ሦስት ዓመት ያህል ብቻ ነበረ። ትናንት ስም ቀያሪና ስሙ የተቀየረበት የነበሩት፣ ዛሬ አሥራ አንድ ለአሥራ አንድ ሆነው ለአንድ ዳኛ ፊሽካ መታዘዝ ነበረባቸው። ቅዱስ ጊዮርጊስም ወደዚህ ሜዳ የመጣው በራሱ ስም ነው።

ዋንጫውን የወሰደው ማን ነው ብላችሁ ብትጠይቁ፣ የብሪታንያ ወታደራዊ ሚሲዮን ነው። ይህ ሊያስደንቀን አይገባም። ሚሲዮኑ በ1942 በተደረገው የኢትዮጵያና የእንግሊዝ ውል መሠረት ጦራችንን ለማሠልጠን የመጣ ነውና ሰዎቹ ወታደሮች ነበሩ፤ ጨዋታውም ሕጉ በ1863 በለንደን የተጻፈ የአገራቸው ጨዋታ ነበረ። የእኛ ቡድን ደግሞ ከዘጠኝ ዓመት ዕድሜው አምስቱን ያሳለፈው በጠላት አገዛዝ ሥር ነው።

ነገር ግን፣ ክቡራን ሆይ፣ የዚያን ውድድር ዋጋ በዋንጫው ብቻ የመዘንነው እንደ ሆነ እንሳሳታለን። እንግሊዞች ራሳቸው ሊግ የሚባለውን ነገር ያቋቋሙት ዋንጫ አጥተው አልነበረም፤ ዋንጫስ ነበራቸው። የቸገራቸው የቀጠሮ መፍረስ ነበር። አንዱ ቡድን ከሌላው ጋር ለመጫወት ከተስማማ በኋላ የተሻለ ግጥሚያ ሲያገኝ ይቀራል፤ ተመልካቹም ሜዳ ድረስ መጥቶ በከንቱ ይመለሳል። ከዚህም የተነሣ ዊልያም ማክግሬጎር የተባለው የአስተን ቪላ ሰው በ1888 ለቡድኖቹ ደብዳቤ ጻፈ፤ አሥራ ሁለት ቡድኖችም እያንዳንዱ ከእያንዳንዱ ጋር ሁለት ሁለት ጊዜ፣ በተቈረጠ ቀን ለመጋጠም ተስማሙ። የሊግ ሥር መሠረቱ እንግዲህ ጉልበት ሳይሆን የተከበረ ቀጠሮና በትክክል የተያዘ መዝገብ ነው።

በአገራችንም የሆነው ይኸው ነው። የእግር ኳስ ፌዴሬሽን በ1943 ሲቋቋም ከአደራጆቹ አንዱ ይድነቃቸው ተሰማ ነበረ። ይህ ሰው በአሥራ አራት ዓመቱ ቅዱስ ጊዮርጊስ ገብቶ እስከ 1958 የተጫወተ ነውና፣ በእግሩ የሚጫወተውን ጨዋታ በብዕሩም የሚያደራጅ ሆነ። የብሪታንያ ሚሲዮን በ1951 ሥራውን ጨርሶ ከኢትዮጵያ ወጣ፤ ቡድኑም አብሮት ጠፋ። ፌዴሬሽኑ ግን ቀረ። ዋንጫውን የወሰደው ሲሄድ ሕጉን የያዘው ሰነበተ ማለት ነው።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንደሚባለው፣ የቀረው ሥርዐት ፍሬውን እያደር አሳየ። በ1950 ቅዱስ ጊዮርጊስ ሻምፒዮን ሆነ። ከ1951 እስከ 1954 የጦር ሠራዊቱ ቡድን በተከታታይ አሸነፈ፤ ሠልጣኞቹ አሠልጣኞቻቸው ይዘውት የነበረውን ማዕርግ ያዙት ልንል እንችላለን። ከዚያም ሻምፒዮናነቱ ከአዲስ አበባ ወጥቶ ተጓዘ። በ1955ና በ1957 ሐማሴን፣ በ1958 አካለ ጉዛይ፣ በ1960 የድሬዳዋው ጥጥ ፋብሪካ ቡድን፣ በ1959 ደግሞ የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቻችሁ የሆኑት የቴሌኮሙኒኬሽን ሰዎች አሸነፉ። በ1944 በአንድ ከተማ ያሉ አምስት ማኅበረ ሰቦች የጀመሩት ውድድር በአሥራ ስድስት ዓመት ውስጥ ከአስመራ እስከ ድሬዳዋ ደረሰ።

ከዚህ የሚበልጠውም ፍሬ ከድንበር ውጭ ታየ። በ1957 የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌደሬሽን ሲመሠረት ግብጽ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ በአንድነት ተቀምጠው ነበር። ደቡብ አፍሪካ ግን ነጭና ጥቁር የተቀላቀሉበት ቡድን አልልክም ስላለች በካርቱም ከተደረገው ከመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ውጭ ሆነች። ይድነቃቸውም ከዚያ ወዲህ፣ ከ1972 እስከ ዕለተ ሞቱ እስከ 1987 የኮንፌደሬሽኑ ፕሬዚዳንት ሆኖ ሲሠራ፣ የዘር ልዩነትን ሥርዐት አጥብቆ ተቃወመ። ሰው በዘሩ ሲለይ በልጅነቱ በገዛ ከተማው ያየ፣ ከዚያም በአንድ ሕግ ሲሰበሰብ በጐልማሳነቱ ያየ ሰው፣ በዚህ ጉዳይ ማመንታት አልነበረበትም።

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተደረገው የሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ኢትዮጵያ የተባበረችውን የዐረብ ሪፑብሊክ በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 ስታሸንፍ የቡድናችን አለቃ ሉችያኖ ቫሳሎ ነበረ። ሉችያኖ አባቱ ኢጣልያዊ፣ እናቱ ኤርትራዊት ናቸው። ሉችያኖና ወንድሙ ኢታሎ በዚያን ቀን አንድ አንድ ግብ አገቡ፤ ዋንጫውንም ሉችያኖ ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ። የፋሽስት ሕግ ሊኖሩ አይገባም ያላቸው ልጆች ለኢትዮጵያ ዋንጫ አመጡላት።

እንግዲህ፣ የመንግሥት ሥራ የያዛችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ይህ ታሪክ እናንተን የሚነካው ለዚህ ነው። መዝገብ የሚይዝ፣ ቀጠሮ የሚያከብር፣ ለወዳጁም ለባላጋራውም አንዱን አንቀጽ የሚጠቅስ ጸሓፊ ስሙ በዋንጫ ላይ አይቀረጽም። ባለጉዳይ ከፊታችሁ ሲቆም፣ የማን ልጅ ነው ከማለት አስቀድማችሁ ጉዳዩ ምንድር ነው ብላችሁ የጠየቃችሁ ጊዜ፣ የ1944ቱን ሜዳ ሕግ በጠረጴዛችሁ ላይ አጸናችሁት ማለት ነው። በጉለሌ አንድ አፈር የለበሱት ሕዝቦች ያስተማሩን፣ ሰው በእኩልነት ለመሰብሰብ ሞትን መጠበቅ እንደማያስፈልገው ነው፤ በሕይወት ሳለም ደኅና ሕግና ታማኝ ዳኛ ይበቁታል።