ቦታ በማጣበብ የሚሠራው ሞለኪውል

ኬሚስትሪ አስተማሪ መሆኔን የሚያውቁ ወዳጆቼ «ትምህርትህ ከእኛ ኑሮ ጋር ምን ያገናኘዋል?» እያሉ ይጠይቁኛል። ሰሞኑን ለአንዱ የመለስኩለት የእጅ ስልኩን እያሳየሁ ነበር። ስክሪኑ ኦሌድ የሚባለው ዓይነት ነው፤ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ራሱ ብርሃን ይሰጣል። የዚህን ቴክኖሎጂ መሠረት የጣሉት የኮዳክ ተመራማሪዎች ቺንግ ታንግ እና ስቲቨን ቫን ስላይክ ሥራቸውን ይፋ ያደረጉት እ.ኤ.አ. በ1987 ነው።

በኦሌድ ውስጥ ፖዘቲቭ ቻርጅ የሚያስተላልፈው ስስ ንጣፍ ብዙውን ጊዜ ትራይአሪልአሚን ከተባሉ ውሁዶች ይሠራል። እነዚህ አንድ ናይትሮጂን ከሦስት የካርቦን ቀለበቶች ጋር የተያያዘባቸው ሞለኪውሎች ናቸው። ይህን ማያያዣ መፍጠር ቀላል አልነበረም። በመዳብ የሚካሄደው የቀድሞ ዘዴ ብዙ ጊዜ ወደ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚጠጋ ሙቀት ይፈልጋል። የተሻለው መንገድ የተገኘው ፓላዲየም የተባለውን ብረት ፎስፊን ከተባለ ረዳት ሞለኪውል፣ ማለትም ሊጋንድ፣ ጋር በማጣመር ነው።

ፎስፊኖች በግዝፈት ይለያያሉ። የዱፖንቱ ኬሚስት ቻድዊክ ቶልማን ግዝፈታቸውን በማዕዘን ለክተዋል፦ የተለመደው ትራይፌኒልፎስፊን 145 ዲግሪ ሲሆን ትራይ-ተርት-ቡቲልፎስፊን 182 ዲግሪ ነው።

ግዝፈት ምን ይጠቅማል? ፓላዲየምን እንደ ታክሲ ወንበር እንቁጠረው። ቀጫጭን ፎስፊኖች እስከ አራት ሆነው ይቀመጡበትና ለጥሬ ዕቃው ቦታ ያሳጡታል። ግዙፉ ግን በአብዛኛው ብቻውን ይቀመጣል፤ ከጎኑም ክፍት ቦታ ይተርፋል። ጥሬ ዕቃዎቹ ገብተው ከተያያዙ በኋላ ደግሞ አጣብቦ ያስወርዳቸዋል፤ ፓላዲየሙም ለሚቀጥለው ዙር ነፃ ይሆናል። በዚህ ላይ ለብረቱ ኤሌክትሮን በልግስና ስለሚሰጥ፣ ርካሽ ሆኖ ሳለ ጠንካራ ትስስሩ አልበገር ያለውን የክሎሪን ጥሬ ዕቃ ለመስበር ያስችላል።

እ.ኤ.አ. በ1998 የጃፓኑ ቶሶ ኩባንያ ተመራማሪዎች በዚሁ ፎስፊን ትራይአሪልአሚን ሠሩ። በዚያው ዓመት ግሪጎሪ ፉ እና ስቲቨን ቡክዋልድ በአሜሪካው ኤም.አይ.ቲ. በግዙፍ ፎስፊኖች አማካይነት የክሎሪን ጥሬ ዕቃዎችን ሥራ ላይ አዋሉ። ዛሬ መድኃኒት ቀማሚዎችም ይህንኑ መንገድ ይጠቀማሉ።

ችግሩ ትራይ-ተርት-ቡቲልፎስፊን አየር ሲነካው የሚቀጣጠል መሆኑ ነው። ተማሪ ሳለሁ ብልቃጡን በሚገባ ሳልከድን ቀርቼ ሲጨስ ያየሁበትን ቀን አልረሳውም። እንዲህ ያለውን ነገር በደኅና ለመያዝ አየር የማያስገባ የጓንት ሣጥን ያስፈልጋል፤ እኔ በማስተምርበት ላብራቶሪ ግን የለም። እ.ኤ.አ. በ2001 የፉ ቡድን ፎስፊኑን ወደ ጨውነት ለውጦ አቀረበው። ጨው የሆነው አየር ላይ በተራ ሚዛን ይመዘናል፤ ፎስፊኑ የሚላቀቀው ቤዝ ሲጨመርበት፣ እዚያው ብልቃጥ ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ የናይትሮጂን ሲሊንደርና ጥንቃቄ ይበቃሉ።

ለወዳጄም ያልኩት ይህንኑ ነው፦ ለእኛ ዓይነቱ ላብራቶሪ በሩን የከፈተው ውድ መሣሪያ ሳይሆን፣ ሚዛን ላይ የሚቀመጥ አንድ ቁንጥር ነጭ ዱቄት ነው።