ያገለገለ ካልቲቬተር ከመግዛት በፊት፦ የጥርሱን ብዛት ከትራክተሩ ጉልበት ጋር ማመዛዘን

የክረምቱ እርሻ በተቃረበ ቁጥር ከትራክተር ጋር የሚቀጠሉ ያገለገሉ መሣሪያዎች ገበያ ይደራል። በማኅበር ተደራጅተው ወይም በግላቸው ትራክተር የገዙ አርሶ አደሮች ብዙውን ጊዜ ገንዘባቸውን በትራክተሩ ላይ ስለሚጨርሱ፣ ካልቲቬተሩን ካገለገለው ይመርጣሉ። በምርጫው የተሳሳተ ገዢ ጉዳቱን የሚያየው ግን ውሉን በተፈራረመበት ቀን አይደለም። መሬቱ ለእርሻ ምቹ እርጥበት በሚይዝባቸው ጥቂት ቀናት ትራክተሩ ሲያቃስት፣ ጎማው በቦታው ሲሽከረከር፣ ናፍጣው ሲያልቅና ፍሪሲዮኑ ሲቃጠል ነው። ማሳው ሳይዘጋጅ የዘር ጊዜ ካለፈ ደግሞ በመሣሪያው ዋጋ ላይ የተገኘው ቅናሽ የሚክሰው ነገር አይኖርም።

በገበያው ላይ በአብዛኛው የሚጠየቁት ጥያቄዎች ሁለት ናቸው፤ ስንት ጥርስ አለው፣ ዋጋውስ ስንት ነው? ከሁለቱ በፊት መመለስ ያለበት ግን ትራክተሩ በሚሠራበት ከፍታና አፈር ላይ ስንት ጥርስ መጎተት ይችላል የሚለው ነው።

ካልቲቬተር ማረሻ አይደለም። ያልተነካ መሬት ሰብሮ የሚገለብጠው ዲስክ ማረሻ ሲሆን፣ ካልቲቬተሩ ተከትሎ ገብቶ ጓሉን ይሰብራል፣ አረሙን ከሥሩ ይነቅላል፣ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ያለውን የላይኛውን አፈር ያለሰልሳል። በበሬ እርሻ አነጋገር ገመሳው የዲስክ ማረሻው፣ አይማውና ከዚያ በኋላ ያለው የማለስለስ ሥራ የካልቲቬተሩ ድርሻ ነው። አንዳንድ ሻጮች ቺዝል የሚባለውን ጥልቅ ማረሻም በዚሁ ስም ይሸጣሉ። ቺዝል ጥርሶቹ ወፍራምና የተራራቁ፣ ከ20 ሴንቲ ሜትር በታች እንዲወርዱ የተሠሩ በመሆናቸው በአንድ ጥርስ የሚጠይቀው ጉልበት ከካልቲቬተር እጅግ ይበልጣል። ሁለቱን ሳይለዩ መግዛት ትልቅ ኪሳራ ያስከትላል።

በሰሌዳ የተጻፈውና ማሳ ላይ የሚገኘው ጉልበት

በተለምዶ ለመካከለኛ አፈርና ለተለመደው ጥልቀት በአንድ ጥርስ ከ4 እስከ 5 የፈረስ ጉልበት ይታሰባል። ቁጥሩ ብዙ መስሎ ቢታይም ምክንያት አለው። ሞተሩ ከሚያመነጨው ጉልበት በለሰለሰ ማሳ ላይ መጎተቻ የሚሆነው ከግማሽ ብዙም አይበልጥም፤ ቀሪው በማርሽ ሰበቃ፣ በጎማ መንሸራተትና ትራክተሩን ራሱን በማንቀሳቀስ ይባክናል። በዚህ ስሌት ባለ 50 የፈረስ ጉልበት ትራክተር 11 ጥርስ ያለው ካልቲቬተር ይጎትታል ተብሎ ይጠበቃል፤ ሻጮችም ይህንኑ ይናገራሉ።

ስሌቱ ያላካተተው ነገር የአገራችንን ከፍታ ነው። ተርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር ከፍታው በ300 ሜትር በጨመረ ቁጥር ከጉልበቱ 3 በመቶ ያህል ያጣል። ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር አየሩ ስለሚሳሳ ወደ ሲሊንደሩ የሚገባው ኦክስጅን ይቀንሳል፤ በሰሌዳው ላይ የተጻፈው ቁጥር ግን አይለወጥም። ከባሕር ወለል በላይ 1 ሺህ 800 ሜትር ገደማ በምትገኘው ባሕር ዳር ዙሪያ ባለ 50 የፈረስ ጉልበቱ ትራክተር በተግባር የሚሰጠው 41 ያህል ነው። 2 ሺህ 400 ሜትር በሚያልፈው የደብረ ማርቆስ አካባቢ ወደ 38፣ 2 ሺህ 800 ሜትር ገደማ በሆነው የደብረ ብርሃን አካባቢ ደግሞ ወደ 36 ይወርዳል። ይህ ስሌት ለጤነኛ ሞተር ነው፤ ፒስተኑ ያረጀ ወይም የናፍጣ ፓምፑ ያልተስተካከለ ከሆነ ተጨማሪ ቅናሽ አለ። ስለዚህ በደብረ ማርቆስ ዙሪያ የሚያርስ ባለ 50 የፈረስ ጉልበት ትራክተር የሚስማማው ባለ 7 ጥርስ፣ ጥልቀቱ ከተቀነሰ ደግሞ ባለ 9 ጥርስ ካልቲቬተር ነው። ባለ 11 ጥርሱ በቆላው አካባቢ ያለችግር ሲጎተት ታይቶ ሊሆን ይችላል፤ ለደጋው ግን ማስረጃ አይሆንም። ተርቦ የተገጠመለት ሞተር ከፍታ የሚያደርስበት ጉዳት በጣም አነስተኛ በመሆኑ ትራክተሩ ተርቦ ያለው መሆን አለመሆኑን ማወቅ የስሌቱ መነሻ ሊሆን ይገባል።

ጥልቀትና ፍጥነትም የራሳቸው ድርሻ አላቸው። ጥልቀቱ ከ10 ወደ 15 ሴንቲ ሜትር ሲጨምር የሚያስፈልገው ጉልበት በግማሽ ያህል ያድጋል። ፍጥነቱ በሰዓት ከ6 ወደ 8 ኪሎ ሜትር ከፍ ሲል ጭማሪው ከ40 በመቶ ያልፋል፤ ምክንያቱም በፍጥነት ሲኬድ አፈሩ ራሱ ለጥርሱ የሚሰጠው ተቃውሞ ይበረታል። ዋልካ አፈር ላይ ደግሞ ጊዜው ይወስናል። ዋልካ ሲደርቅ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፣ ሲረጥብ ይጣበቃል፤ ለእርሻ የሚመቸው በሁለቱ መካከል ያለው አጭር ጊዜ ነው። በዋልካ መሬት የሚሠራ ገዢ በአንድ ጥርስ 4 ሳይሆን 5 የፈረስ ጉልበት ወይም ከዚያ በላይ ቢያስብ ይሻለዋል።

ጥርሱ የበዛ መሣሪያ በእጅ ካለ ሁልጊዜ መመለስ አያስፈልግም። ከግራና ከቀኝ እኩል ጥርስ ፈቶ ማውጣት ይቻላል። ሆኖም ስፋቱ ከትራክተሩ ጎማዎች የውጭ ጠርዝ እንዳያንስ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ ካነሰ ጎማው የረገጠው መሬት ሳይታረስ ይቀራል። የሥራውን ስፋት ለማወቅ የጥርሶቹን ብዛት በመካከላቸው ባለው ርቀት ማባዛት በቂ ነው፦ በ23 ሴንቲ ሜትር የተራራቁ 9 ጥርሶች 2 ሜትር ያህል ይሸፍናሉ። በሰዓት በ6 ኪሎ ሜትር ፍጥነት፣ የመዞሪያው ጊዜ ተቀንሶ፣ ይህ በሰዓት ከአንድ ሄክታር ትንሽ ያነሰ ነው። ማሳው የተቆራረሰ ከሆነ በየጫፉ መዞሩ ስለሚበዛ ከዚህም ይወርዳል፤ ኩታ ገጠም ማሳ ለትራክተር ባለቤት የሚመቸውም በዚህ ምክንያት ነው።

ማያያዣውና የፊት ክብደት

የካልቲቬተሩ የማያያዣ ፒኖች ከትራክተሩ ክንዶች ጋር መግጠም አለባቸው። በአነስተኛ ትራክተሮች የሚሠራው ምድብ አንድ ማያያዣ የታችኛው ፒን ውፍረት 22 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ የምድብ ሁለት 28 ሚሊ ሜትር ነው። የታችኞቹ ፒኖች የእርስ በርስ ርቀትም ይለያያል። በቀጭን ፒን ላይ ሰፊውን ቀዳዳ አንጠልጥሎ መሥራት ቀዳዳውን ያሰፋዋል፤ ውሎ አድሮም ፒኑን ይሰብረዋል።

መሣሪያው ሲነሣ የትራክተሩ ፊት ከቀለለ መሪው አይታዘዝም፤ በአቀበት ላይ ይህ ለሕይወት ያሰጋል። ከጠቅላላው ክብደት ቢያንስ 20 በመቶው በፊት ጎማዎች ላይ ማረፍ አለበት። ይህ ካልተሟላ የፊት ክብደት መጨመር ወይም ቀለል ያለ መሣሪያ መምረጥ ግድ ይላል።

ምን ይታይ?

አዲስ ቀለም የተቀባ ያገለገለ ካልቲቬተር የበለጠ መመርመር አለበት። ቀለሙ ከስንጥቅና ከብየዳ በላይ የሚሸፍነው የለም። በመጀመሪያ የሚታየው ፍሬሙ ነው። ከአንዱ ማዕዘን ወደ ትይዩው ማዕዘን በሜትር ተለክቶ ሁለቱ ሰያፍ ልኬቶች እኩል ካልሆኑ ፍሬሙ ተጣሟል ማለት ነው፤ የተጣመመ ፍሬም ደግሞ አንዱን ጎን አጥልቆ ሌላውን እያንሳፈፈ ያርሳል። የላይኛው ማያያዣ የሚያርፍበት ምሰሶ ሥር፣ ፍሬሙ የሚገናኝባቸው ማዕዘኖችና የጥርስ መያዣዎቹ ዙሪያ በሽቦ ብሩሽ ተጠርገው መታየት አለባቸው። በአንድ ቦታ የተደረገ ንጹሕ ብየዳ አያሳስብም። በአንድ ቦታ ላይ ተደራርቦ የተሠራ ብየዳ ግን መሣሪያው ከአቅሙ በላይ ሲሠራ እንደነበር ይመሰክራል።

ከዚያ ጥርሶቹ ይፈተሻሉ። ሁሉም መሬት ላይ በአንድ መስመር ማረፍ አለባቸው፤ አንዱ ከፍ ካለ የታጠፈው እርሱ ነው። ሞላ ያለው ካልቲቬተር ድንጋይ ሲያገኘው ጥርሱ ወደ ኋላ ተንሥቶ ስለሚመለስ ድንጋያማ ለሆኑ የሰሜን ሸዋና የወሎ ማሳዎች ይመረጣል። ይሁን እንጂ ሞላዎቹ እኩል የጠበቁና ያልተዘረጉ መሆን አለባቸው፤ የላላ ሞላ ጠንካራ አፈር ባገኘ ቁጥር ጥርሱን ያነሣል። ድንጋይ በሌለው ዋልካ ሞላ የሌለው ግትር ጥርስ ርካሽና በቂ ነው። በጥርሱ ጫፍ የሚታሰረው ቆራጭ ብረት ቢያልቅም አያስፈራም፤ የሚለወጥ ነውና። ብዙዎቹ በሁለት በኩል ስለት ስላላቸው ገልብጦ መጠቀም ይቻላል። ሆኖም በብሎን ቀዳዳዎቹ መካከል ያለው ርቀት በአካባቢው መለዋወጫ መደብር ከሚገኘው ጋር አንድ መሆኑን መለካት ያስፈልጋል። የጥልቀት መቆጣጠሪያ ጎማ ካለው ተነሥቶ ሲሽከረከር የሚንገጫገጭ ኩሽኔታው አልቋል።

የመጨረሻው ፈተና ማሳ ላይ ነው፤ ሻጩ ይህን ከከለከለ ግዥው ቢቀር ይመረጣል። በኋላ ጎማው ላይ በኖራ ምልክት ተደርጎ፣ መሣሪያው ተነሥቶ ጎማው 10 ጊዜ ሲዞር የተሄደው ርቀት ይለካል። ከዚያ ጥርሱ መሬት ገብቶ በዚያው ማሳ 10 ዙር ይደገማል። በመጀመሪያው 48 ሜትር፣ በሁለተኛው 41 ሜትር ከተሄደ ልዩነቱ 7 ሜትር፣ ማለትም ወደ 15 በመቶ የሚጠጋ መንሸራተት ነው። የኋላ ጎማው ብቻ ለሚነዳ ትራክተር ከ10 እስከ 15 በመቶ ተገቢ ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ ጥርሱ በዝቷል ወይም ትራክተሩ ቀልሏል። ሞተሩ እያጨሰ ድምፁ የሚወርድ ከሆነ ግን ክብደት መጨመር አይፈታውም፤ ጥርስ መቀነስ ወይም ጥልቀት ማሳነስ ነው መፍትሔው።

ካልቲቬተር እንደ ትራክተሩ ሰሌዳ የሌለው በመሆኑ የባለቤትነት ክርክር ሲነሣ ውሉ ጠቃሚ ማስረጃ ነው። በውሉ ላይ የጥርሱ ብዛት፣ የፍሬሙ ልኬት፣ ካለ የአምራቹ መለያ ቁጥር፣ የታዩት ብየዳዎችና የጎደሉት ክፍሎች በዝርዝር ቢሰፍሩ፣ ምስክሮች ቢፈርሙበት፣ ሻጩ መጀመሪያ የገዛበት ደረሰኝም ቢያያዝ ገዢው ነገ መሣሪያውን መልሶ ለመሸጥ ሲያስብም ይጠቀምበታል።