«ዝም በል» የሚለው ማነው? ለአንዲት ተማሪዬ የዘገየ መልስ

ወዳጆቼ፣ በተለይ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ዛሬ ዕዳ ልከፍል ነው የመጣሁት።

ሰሌዳው ላይ ሁሌ የምስላትን ቀስት ታስታውሳላችሁ፤ ዲኤንኤ፣ ከዚያ አርኤንኤ፣ ከዚያ ፕሮቲን። «ዲኤንኤ ያዛል፣ አርኤንኤ ይላላካል፣ ፕሮቲን ይሠራል» እያልኩ አስደግማችሁ ነበር። በ1996 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) አንድ ቀን ከኋላ የተቀመጠች ልጅ እጇን አወጣችና «ቲቸር፣ የዓይናችንና የጉበታችን ሴል ዲኤንኤያቸው አንድ ከሆነ፣ ዓይን ውስጥ ያለውን የጉበት ጂን ዝም በል የሚለው ማነው?» አለችኝ። እኔም «እሱን ዩኒቨርሲቲ ስትገቢ ትደርሺበታለሽ» ብዬ አለፍኳት። እውነቱን ለመናገር፣ እኔም በቅጡ አላውቀውም ነበር።

ለካ ከመልሱ አንዱ ክፍል ያኔ ከታተመ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነበር። ያላየሁት እኔ ብቻ አይደለሁም፤ ከባዮሎጂ ሊቃውንትም አብዛኛው ልብ አላለውም። የዛሬው ጽሑፌ የዚያ ነገር ታሪክ ነው።

ጥያቄው ራሱ አሮጌ ነው። በ1961 ፓሪስ ውስጥ ፍራንስዋ ዣኮብና ዣክ ሞኖ የተባሉ ተመራማሪዎች የወተት ስኳር የሚፈጨውን የባክቴሪያ ጂን ያጠኑ ነበር። ስኳሩ ሲኖር ጂኑ ይነቃል፣ ሲጠፋ ይተኛል። ስለዚህ ጂኑን አፍኖ የሚይዝ አንድ ነገር መኖር አለበት አሉ። ከምን የተሠራ? የእነሱ ግምት አርኤንኤ ነው የሚል ነበር! በ1966 ግን ዋልተር ጊልበርትና ቤኖ ሙለር-ሂል አፋኙን ለይተው ሲያወጡት ፕሮቲን ሆኖ ተገኘ። በቃ፣ አርኤንኤ ወደ ተላላኪነቱ ተመለሰ። ፍርዱ ለዚያ ጂን ትክክል ነበር። እስከ ዛሬም ጂኖችን በማብራትና በማጥፋት ትልቁን ሥራ የሚሠሩት ፕሮቲኖች ናቸው። ችግሩ «አርኤንኤስ ይህን ይሠራ ይሆን?» የሚለው ጥያቄ አብሮ መዘጋቱ ነው።

ጥያቄውን መልሳ የከፈተችው አንዲት ትል ናት።

ሲ. ኤሌጋንስ ትባላለች። ርዝመቷ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ሰውነቷ ብርሃን ያሳልፋል። ለምርምር የመረጣት ሲድኒ ብሬነር ነው። ያደገችው ትል ሰውነት፣ የዘር ሴሎቿን ሳንጨምር፣ 959 ሴሎች አሉት፤ እያንዳንዱ ሴል ከየትኛው ሴል እንደተወለደ አንድ በአንድ ተመዝግቧል። ስለዚህ እድገቷ ትንሽ ሲዛባ ወዲያው ይታያል።

ከተዛቡት መካከል ሁለት ዓይነት ትሎች ነበሩ። ሊን-4 የተባለው ጂን የተበላሸባት ትል አንደኛ ክፍልን እየደጋገመች እንደምትማር ልጅ ናት፤ የመጀመሪያውን የእጭነት ደረጃ ሥራ ደጋግማ ትሠራለች፣ እንቁላል የምታወጣበት አካል አይፈጠርላትም፣ እንቁላሎቿ ሆዷ ውስጥ ይከማቻሉ። ሊን-14 የጠፋባት ደግሞ ተቃራኒዋ ናት፤ አንደኛ ክፍልን ዘላ ሁለተኛ ትገባለች። ቪክተር አምብሮስና ጋሪ ረቭከን ሁለቱም በኤምአይቲ፣ በሮበርት ሆርቪትዝ ቤተ ሙከራ ሳሉ ነው እነዚህን ትሎች የያዙት። አምብሮስ ሊን-4 ሊን-14ን እንደሚያፍን አወቀ። እንዴት እንደሚያፍነው ግን ምሥጢር ሆነ። ኋላ ሁለቱም የየራሳቸውን ቤተ ሙከራ ሲከፍቱ አምብሮስ ሊን-4ን፣ ረቭከን ሊን-14ን ይዘው ሄዱ።

አምብሮስ፣ ሮዛሊንድ ሊና ሮንዳ ፋይንባም ጂኑን ለማግኘት ዓመታት ፈጀባቸው። የሚጠብቁት እንደተለመደው ፕሮቲን ነበር። ያገኙት ግን የፕሮቲን ትእዛዝ የሌለው አጭር ቦታ ነው። ከዚያ ቦታ የሚወጣው ደግሞ 22 ፊደል ብቻ ያለው የአርኤንኤ ቁራጭ! አንድ መልእክተኛ አርኤንኤ እኮ ብዙ ጊዜ ከሺህ ፊደል በላይ ነው። ያኔ ቤተ ሙከራ ውስጥ እንዲህ ያለ ቁራጭ ያየ ሰው «የተሰባበረ አርኤንኤ ፍርፋሪ ነው» ብሎ ያልፈው ነበር።

በረቭከን በኩል ደግሞ ሌላ እንቆቅልሽ ነበር። የሊን-14 ፕሮቲን ትሏ የመጀመሪያውን ደረጃ ስትጨርስ ይጠፋል፤ መልእክተኛው አርኤንኤ ግን እዚያው አለ። ደብዳቤው ደርሷል፣ የሚያነበው የለም ማለት ነው። ማፈኛው የሚሠራውም በደብዳቤው ጭራ ላይ፣ የፕሮቲኑ ትእዛዝ ካለቀ በኋላ ባለው ክፍል ነበር።

በጁን 1992 ሁለቱ ሰዎች ፊደሎቻቸውን ተለዋወጡና በስልክ እየተነጋገሩ አስተያዩ። የአርኤንኤ ፊደላት አራት ናቸው፤ ኤ ከዩ ጋር፣ ጂ ከሲ ጋር ይያያዛል፣ ልክ እንደ ዚፕ ጥርስ። የሊን-4 ትንሿ ቁራጭ ከሊን-14 ጭራ ጋር፣ ያውም በሰባት ቦታ፣ ገጠመች! ሙሉ በሙሉ አይደለም፤ እዚህም እዚያም የሳተ ጥርስ አለ። ለማፈን ግን በቂ ነበር። ቁራጯ ደብዳቤው ላይ ትለጠፋለች፣ ፕሮቲኑ መሠራቱን ያቆማል።

ሁለቱ ጽሑፎች በዲሴምበር 1993 «ሴል» በተባለው መጽሔት ጎን ለጎን ወጡ። ምላሹ? ጸጥታ። «ይህ የትሏ ጠባይ ነው» ተባለ፤ ሊን-4 በሰው ላይ አልታየማ።

በዚያው ዘመን ሌላ ቦታ ሌላ ግራ የሚያጋባ ነገር ነበር። በ1990 አሜሪካ ውስጥ ሪቻርድ ጆርገንሰንና ካሮሊን ናፖሊ የፔቱኒያን አበባ ወይን ጠጅ ቀለም ለማድመቅ ቀለሙን የሚያሠራ ጂን ተጨማሪ ቅጂ አስገቡለት። አንዳንዱ አበባ ጭራሽ ነጭ ሆነ! ጂን ሲጨመር ሥራው ጠፋ። በ1998 አንድሩ ፋየርና ክሬግ ሜሎ በዚያችው ትላችን ላይ ፍንጩን አገኙ፤ ሁለት ክር ሆኖ የተጣመረ አርኤንኤ ሲወጋባት፣ ፊደሉ የሚመሳሰለው ጂን ዝም ይላል። በማግስቱ ዓመት እንግሊዝ ውስጥ አንድሩ ሃሚልተንና ዴቪድ ባልኮም ጂናቸው ዝም ባለባቸው ዕፅዋት ውስጥ 25 ፊደል ገደማ ያላቸው የአርኤንኤ ቁራጮች አገኙ። ያቺው ፍርፋሪ የተባለች ነገር!

በ2000 የረቭከን ቡድን ሌት-7 የሚባል ሁለተኛ ትንሽ አርኤንኤ አወጣ። ይኼኛው በትሏ ብቻ አልነበረም፤ በዝንብም፣ በሰውም ተገኘ። በ2001 ሦስት ቡድኖች በአንድ ጊዜ በደርዘን የሚቆጠሩ አገኙና «ማይክሮ አርኤንኤ» የሚለው ስም ጸደቀ። በዚያው ዓመት የአበባውና የትሏ ታሪክ ተጋጠመ። አሠራሩ እንዲህ ነው፤ ሴሉ መጀመሪያ በራሱ ላይ የታጠፈ ረዘም ያለ አርኤንኤ ይሠራል፣ ዳይሰር የሚባል ፕሮቲን ይቆርጠዋል፣ ቁራጩን አርጎኖት የሚባል ሌላ ፕሮቲን ይይዘዋል። ቁራጩ አድራሻውን ያሳያል፣ የማፈኑን ሥራ አርጎኖትና ጓደኞቹ ይሠሩታል። አንዳንዴ ንባቡን ያቆማሉ፣ ብዙ ጊዜም ደብዳቤው ራሱ እንዲፈርስ ያደርጋሉ።

ዛሬ በሰው ውስጥ ከሺህ በላይ ማይክሮ አርኤንኤ ይታወቃል፤ ፕሮቲን ከሚያሠሩት ጂኖቻችን ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በእነሱ እንደሚነኩ ይገመታል። አብዛኞቹ ጂኑን ድርግም አድርገው አያጠፉም፤ ራዲዮ ድምፁን እንደመቀነስ ነው።

ነገሩ ከትል አልፎ ሕመማችን ውስጥም ገብቷል። በ2002 የካርሎ ክሮቼ ቡድን በአንድ ዓይነት የደም ካንሰር ሁለት ማይክሮ አርኤንኤዎች በብዙ ታማሚዎች ላይ እንደሚጎድሉ አሳየ። በ2018 ጉበት የሚሠራውን ጎጂ ፕሮቲን የሚያስቆም የመጀመሪያው የትንሽ አርኤንኤ መድኃኒት ፓቲሲራን አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። ኋላም ኢንክሊሲራን መጣ፤ ከመጀመሪያዎቹ መርፌዎች በኋላ በየስድስት ወሩ አንዴ እየተወጋ ኮሌስትሮል የሚቀንስ። ሁሉም ግን አልጋ በአልጋ አልሆነም። በማይክሮ አርኤንኤ ካንሰር ለማከም የተጀመረ አንድ ሙከራ በ2016 በከባድ የጎንዮሽ ጉዳት ምክንያት ቆሟል።

ፋየርና ሜሎ በ2006 ኖቤል ተሸለሙ። አምብሮስና ረቭከን? በኦክቶበር 2024፤ ጽሑፎቻቸው ከወጡ ከ30 ዓመት በላይ አልፎ።

ሽልማቱን የሰማሁ ዕለት ያቺ ልጅ ትዝ አለችኝ። የሚቆጨኝ መልሱን አለማወቄ አይደለም፤ ማን ያውቀው ነበርና! የሚቆጨኝ «አላውቀውም፣ አብረን እንፈልገው» አለማለቴ ነው። ቀስቷን እንደ መጨረሻ ቃል አድርጌ ነበር የምስላት፤ ጥያቄዋ ግን ከቀስቷ የጎደለውን ነበር የሚያሳየው።

ዛሬ የምታስተምሩ ልጆቼ፣ ቀስቷን ስትስሉ ከአርኤንኤ ወደ አርኤንኤ የምትመለስ አንዲት ትንሽ መስመር ጨምሩባት። አንቺም ልጄ፣ ይህ ጽሑፍ ከደረሰሽ መልሱ ግማሽ ነው፤ ዓይንን ዓይን፣ ጉበትን ጉበት የሚያደርጉት በዋናነት ፕሮቲኖቹ ናቸው፣ ትናንሾቹ አርኤንኤዎች ደግሞ ያግዟቸዋል። የቀረ ጥያቄ ካለሽ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ። በዚህኛው ዙር አላልፍሽም።