ካልሲ ሠሪዎቹና መዶሻው

ሰው ሠራሽ አስተውሎት ቢሮው ሲገባ ፊቱን ያጨለመ ሠራተኛ ‹‹ኋላ ቀር›› ይባላል። ታሪክ ስናገላብጥ ግን ጠቡ ከማሽን ጋር ሆኖ አላገኘነውም።

እ.ኤ.አ. በ1811 በእንግሊዝ ኖቲንግሃም አካባቢ ካልሲ ሠሪዎች ማሽን መሰባበር ጀመሩ። ሉዳውያን የሚባሉት እነዚህ ናቸው። የሚገርመው፣ የሰበሩት ማሽን ከተፈለሰፈ ከ200 ዓመት በላይ ሆኖት ነበር! ያስቆጣቸው የክፍያው መውረድና ሙያውን በማያውቅ ሰው የሚመረተው ርካሽ ካልሲ ነበር። እንዳይደራደሩ በ1799 እና በ1800 የወጡት ሕጎች የሠራተኛ ማኅበርን ከልክለዋል። መደራደሪያ ያጣ እጅ መዶሻ አነሳ። ፓርላማው በ1812 ማሽን በሰበረ ላይ የሞት ቅጣት ደነገገ፤ በ1813 ዮርክ ውስጥ 17 ሰዎች ተሰቀሉ።

አሁን ወደ 2023 እንምጣ። የሆሊውድ ጸሐፊዎች 148 ቀን ሥራ አቆሙ። ‹‹ማሽኑ ይጥፋ›› አላሉም። ማኅበር ስለነበራቸው ውል አስፈረሙ፦ ኩባንያ ጸሐፊን በሰው ሠራሽ አስተውሎት እንዲጠቀም አያስገድድም፤ በማሽን የተጻፈ ነገር ሲሰጠውም ይነግረዋል።

ስለዚህ ወዳጆቻችን፣ አለቃችሁ አዲሱን ፕሮግራም ይዞ ሲመጣ ‹‹ምን ይሠራል?›› ብቻ ብላችሁ አትለፉት። ‹‹ትርፉ ለማን ነው? ማንስ ወሰነ?›› በሉ። ጥያቄውን ደግሞ ብቻችሁን አትጠይቁት።