የእግዜር እንግዳ

«የእግዜር እንግዳ» የሚባለው ዘመድ ወይም ወዳጅ ሳይሆን፣ መንገድ ላይ መሽቶበት ከማያውቀው ሰው ደጅ ቆሞ ማደሪያ የሚለምን መንገደኛ ነው። ከተጠራ እንግዳ የሚለየው፣ የላከው እግዚአብሔር ነው ተብሎ ስለሚታመን ነው። «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ» ሲል፣ ባለቤቱ «ቤት የእግዚአብሔር ነው» ብሎ ያስገባዋል። በገጠሩ ልማድ እግሩን ይታጠባል፣ ቤት ያፈራው ይቀርብለታል፣ መደብ ላይ ይነጠፍለታል። ለልጆቹ በቂ እህል ለሌለው ገበሬ ይህ ከባድ ነው፤ የልማዱ ትልቅነትም እዚህ ላይ ነው። እግር ማጠቡን በተመለከተ፣ በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 18 አብርሃምም ለሦስቱ እንግዶች በመጀመሪያ ያቀረበው የእግር ውሃ ነበር። ለአዳሩ ክፍያ አይጠየቅም፤ ዋጋ ተቀብሎ የሚያሳድር ቤት ደንበኛ «የእግዜር እንግዳ» አይባልም።