የውሻ ዝርያን የክፍለ ግዛት ምልክት የሚያደርጉ ሕጎች፦ ምን ያስገኛሉ? ምንስ አያስገኙም?

በዩናይትድ ስቴትስ ክፍለ ግዛቶች ከሰንደቅ ዓላማና ከማኅተም ሌላ በሕግ የሰየሟቸው ወፍ፣ አበባ፣ ዛፍና እንስሳት አሏቸው። ከአሥር የሚበልጡ ክፍለ ግዛቶች በዚህ ዝርዝር ላይ አንድ የውሻ ዝርያ ጨምረዋል። ኖርዝ ላስ ቬጋስን ጨምሮ በርካታ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩበት የላስ ቬጋስ አካባቢ የሚገኝባት ኔቫዳ ግን ከእነዚህ መካከል አይደለችም። ለመሆኑ እንዲህ ያለው ሕግ እንዴት ይወጣል? ፋይዳውስ ምንድን ነው?

(በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መነሻው

ፈር ቀዳጇ ሜሪላንድ ናት። በ1964 ቼሳፒክ ቤይ ሪትሪቨር የተባለውን፣ በባሕር ሰላጤዋ ዳርቻ ለወፍ አደን የተዳቀለውን ውሻ ምልክቷ አደረገች። በ1965 ፔንሲልቬኒያ፣ በ1966 ደግሞ ቨርጂኒያ ተከተሏት። በ1979 ሉዊዚያና ካታሁላን፣ ማሳቹሴትስ ቦስተን ቴሪየርን መረጡ።

አብዛኞቹ ክፍለ ግዛቶች የመረጡት በምድራቸው የተገኘ ዝርያ ነው። ፔንሲልቬኒያ ግን መሠረቱ ጀርመን የሆነውን ግሬት ዴን መርጣለች፤ የክፍለ ግዛቷ መሥራች ዊልያም ፔን ከዚህ ውሻ ጋር የሚታይበት ሥዕል በአገረ ገዢው የእንግዳ መቀበያ አዳራሽ ይገኛል።

ሐሳቡን የሚያመነጨው ማን ነው?

ብዙ ጊዜ ተማሪዎች ናቸው። በዊስኮንሰን የኒው ለንደን ከተማ ተማሪዎች ከመምህራቸው ጋር ለዓመታት ከወተወቱ በኋላ አሜሪካን ዋተር ስፓኒዬል በ1986 የክፍለ ግዛቱ ውሻ ሆነ። አላስካ በ2010 አላስካን ማላሙትን የሰየመችው በአንኮሬጅ የአንድ ትምህርት ቤት ሕፃናት ባነሡት ሐሳብ ነው። ሕግ አውጪዎች እንዲህ ያለውን ጥያቄ በበጎ የሚያዩት፣ ልጆች ሐሳብ ወደ ሕግ የሚለወጥበትን መንገድ በተግባር ስለሚማሩበት ነው።

ኔቫዳም ይህን ታውቃለች። በ2009 ቪቪድ ዳንሰር የተባለው በራሪ የክፍለ ግዛቱ ነፍሳት ሆኖ የተመረጠው በተማሪዎች ውድድር ነበር። በ2019 ደግሞ የላስ ቬጋስ መብራቶች መለያ የሆነው ኒዮን የክፍለ ግዛቱ ንጥረ ነገር ተብሎ ተሰይሟል።

በኔቫዳ አሠራሩ ምን ይመስላል?

የኔቫዳ ምክር ቤት በካርሰን ሲቲ የሚሰበሰበው በየሁለት ዓመቱ፣ ለ120 ቀናት ብቻ ነው። ምልክት እንዲሰየም የሚሻ ነዋሪ የተለመደው መንገዱ የአካባቢውን ተወካይ ማሳመን ነው። ረቂቁ በኮሚቴ ተመርምሮ 42 አባላት ባሉት የተወካዮች ምክር ቤትና 21 አባላት ባሉት ሴኔት ከጸደቀ በኋላ ለአገረ ገዢው ፊርማ ይቀርባል። እያንዳንዱ አባል ሊያቀርበው የሚችለው የረቂቅ ብዛት የተገደበ በመሆኑ፣ ለምልክት የዋለ ዕድል ከሌላ ጉዳይ የተቀነሰ ነው። የእንዲህ ዓይነት ሕጎች ተቺዎች «ጊዜ ማባከን ነው» የሚሉትም ለዚህ ነው።

ሕጉ ዝርያውን ይጠብቃል?

ስያሜ ብቻውን በጀት አይመድብም፤ እርባታ አይቆጣጠርም፤ ውሻውን ከጉዳት የሚከላከል ግዴታም አይጥልም። የኒው ሃምፕሻየሩ ቺኑክ ለዚህ ምስክር ነው። በበረዶ ላይ ጋሪ የሚጎትተው ይህ ዝርያ በ1965 በዓለም ላይ የቀሩት 125 ብቻ እንደነበሩ ተመዝግቧል፤ በ1981 ለእርባታ የሚበቁት ወደ 11 ወርደው ነበር። ያተረፉት ጥቂት አርቢዎች ናቸው። የክፍለ ግዛቱ ሕግ የመጣው ከዚያ በኋላ፣ በ2009 ነው።

ይህ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ ነገር አይደለም። የብሔራዊ እግር ኳስ ቡድኑ በዋልያ ስም ይጠራል፤ ሆኖም ዋልያን በሕይወት የሚያቆየው ስሙ ሳይሆን በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የሚደረገው ጥበቃ ነው። ክብርና ጥበቃ ለየቅል ናቸው።

ዝርያ ወይስ መጠለያ?

አንዳንድ ክፍለ ግዛቶች ከነጭራሹ ዝርያ መምረጥን ትተዋል። ኮሎራዶ በ2013 ከመጠለያ የሚወሰዱ ውሾችንና ድመቶችን ምልክቷ አድርጋለች፤ ጆርጂያም በ2016 በጉዲፈቻ የሚወሰድ ውሻን መርጣለች። መከራከሪያው ግልጽ ነው፦ አንድን ዝርያ ማወደስ ሰዎችን ወደ ገበያ ይመራል፤ መጠለያን ማወደስ ግን ባለቤት ያጡ እንስሳትን ቤት ያስገኛል። በአንጻሩ የዝርያ ደጋፊዎች የአካባቢ ታሪክ የሚታወሰው በስም ሲጠራ ነው ይላሉ።

ዝርያ በሕግ ሲጠራ

የዝርያ ስም ሕግ ውስጥ የሚገባው ለክብር ብቻ አይደለም። በአሜሪካ አንዳንድ ከተሞች እንደ ፒት ቡል ያሉ ውሾችን በዝርያቸው ብቻ ይከለክላሉ ወይም ይገድባሉ። ኔቫዳ በ2013 ባወጣችው ሕግ ግን ውሻን በዝርያው ብቻ «አደገኛ» ብሎ መፈረጅ አይቻልም፤ ከተሞችና ካውንቲዎችም በዚህ ላይ የተመሠረተ ደንብ ማውጣት ተከልክለዋል። መመዘኛው የውሻው ድርጊት ነው።

በኖርዝ ላስ ቬጋስ ውሻ ለሚያሳድግ ቤተሰብ ከማንኛውም የምልክት ሕግ ይልቅ ለኑሮው የሚቀርበው ይኸኛው ነው። ይሁንና የግል አከራዮችና የቤት ባለቤቶች ማኅበራት የየራሳቸው የዝርያ ገደብ ሊኖራቸው ስለሚችል፣ ውሉን ከመፈረም በፊት ማንበብ ይበጃል።