ለወገራ ገበሬ የዩኒቨርሲቲ ነፃነት ምኑ ነው?

አምባ ጊዮርጊስ ላይ ገብስና ባቄላ የሚዘራ ገበሬ «የአካዳሚክ ነፃነት» ሲባል የምሁራን ቅንጦት ቢመስለው አይፈረድበትም። የፕሮፌሰር መስፍን ወልደማርያም ታሪክ ግን ሌላ ይናገራል።

በ1965 ዓ.ም. ወሎ በረሃብ ሲያልቅ መንግሥት ጉዳዩን ሸፋፈነው። ዝምታውን ከሰበሩት መካከል የዩኒቨርሲቲ መምህራን ነበሩ፤ የተራበውን ሕዝብ ፎቶግራፍ አምጥተው በግቢያቸው አሳዩ። የጂኦግራፊ መምህሩ መስፍን ረሃብን ለዓመታት አጠኑ። ገበሬውን የሚጨርሰው የዝናብ መጥፋት ብቻ ሳይሆን አቅም ያሳጣው ሥርዓት ነው ሲሉም ጻፉ።

በ1984 ዓ.ም. ከባልደረቦቻቸው ጋር ኢሰመጉን መሠረቱ። በዓመቱ ከ40 በላይ መምህራን ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተባረሩ። በ1993 ዓ.ም. እሳቸውና ዶ/ር ብርሃኑ ነጋ ስለ አካዳሚክ ነፃነት ለተማሪዎች ተናገሩ። ተማሪው «ፖሊስ ከግቢ ይውጣ» ብሎ ሲነሣ፣ መንግሥት «አነሣሣችሁ» ብሎ ሁለቱንም አሰረ። ከምርጫ 97 በኋላም መስፍን ዳግም ታስረው በ1999 ዓ.ም. በይቅርታ ተፈቱ። መስከረም 2013 ዓ.ም. በ90 ዓመታቸው አረፉ።

የምሁር አፍ ሲዘጋ ዋጋውን የሚከፍለው ምሁሩ ብቻ አይደለም። ወገራ ላይ ዝናብ የቀረበት ገበሬም ይከፍላል፤ ያውም ማንም ሳይሰማለት።